የሚንቀጠቀጠው ክር

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን በደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አልነክስም።

በጥያቄ ልጀምር። የፕሮቲን ቀለሙ ምንድን ነው? በድፍረት መልሱ፣ ፈተና አይደለም። አንተ «ቀይ» አልክ። እሷ «ሰማያዊ» ትላለች። «ሐምራዊ» ያለው ማን ነው? ጥሩ። ሁላችሁም ተሳስታችኋል። አይዟችሁ፣ እኔም ለዓመታት ሳስበው የኖርኩት እንደ እናንተው ነው።

አንድ ፕሮቲን ለብቻው የሚታይ ቀለም የለውም። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ ፕሮቲን ግን ቁመቱ ሁለት ናኖሜትር አካባቢ ነው። ለብርሃኑ በጣም ያንሰዋል፤ ሰፊ ወንፊት ላይ እንደ ወደቀ ዱቄት ያመልጠዋል። «ታዲያ ደም ለምን ቀላ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የደሙ ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ እልፍ አእላፍ ሆኖ ሲሰበሰብ ብርሃን ይመጥጥና ቀይ ሆኖ ይታየናል። አንዷን ነጥዬ መልኳን ልይ ብትሉ ግን በዓይን የሚታይ ነገር የለም።

እንግዲህ እስከ ዛሬ ያያችሁት የፕሮቲን ሥዕል በሙሉ፣ በመጽሐፍም ይሁን በቴሌቪዥን፣ ሰው የቀባው ነው። በሙሉ! ቀዩን ቀይ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ ያደረገ ሰው አለ። እኔም ከእነዚህ ቀቢዎች አንዱ ነኝ። ፕሮቲን ሲታጠፍ በኮምፒውተር እያስመሰልኩ፣ ከዚያ የሚወጣውን የቁጥር ክምር ሥዕል አደርገዋለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር አወራለሁ። አንደኛ፣ ይህ ክር ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ከእኔ በፊት ማን ሳለው? ሦስተኛ፣ እኔ ስስለው ምን እጥላለሁ፣ ምንስ እይዛለሁ? ሦስተኛው ረጅም ነው። ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፣ በኋላ እንዳትቀየሙኝ።

ወደ አንደኛው። ፕሮቲን ክር ነው። ክሩ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩት አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ዓይነታቸው ሃያ ነው። ሴል ውስጥ ክሩ ተሠርቶ ሲወጣ ገና ሥራ አይሠራም። መታጠፍ አለበት። እዚህ ጋ ተጠምዝዞ፣ እዚያ ጋ ተደርቦ፣ እንደ ልቃቂት ተሰብስቦ፣ ያኔ ነው ሥራ የሚጀምረው። ልቃቂት ስላችሁ ግን እንደፈለገ የተጠቀለለ አይምሰላችሁ። ያው ክር አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ቅርጽ ይይዛል።

ማን አጠፈው? ይህን ክርስቲያን አንፊንሰን የሚባል ሳይንቲስት ጠይቆ ነበር። ሪቦኑክሊዬዝ የሚባለውን ፕሮቲን፣ 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን፣ በኬሚካል ፈታታው። ኬሚካሉን ሲያወጣለት ፕሮቲኑ ራሱ ተመልሶ ታጠፈና ሥራውን ጀመረ። የረዳው የለም። የአስተጣጠፉ ትእዛዝ ያለው ክሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። በ1972 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።)

ታዲያ ክሩ ያን ቅርጽ እንዴት ያገኘዋል? በሙከራ ነው እንዳትሉ። 100 አሚኖ አሲድ ያለው ክር ውሰዱ። እያንዳንዱ ሦስት አቀማመጥ ብቻ ይኑረው። የሚቻሉት ቅርጾች ብዛት 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል። አንድ በአንድ ቢሞክር የዓለም ዕድሜ አይበቃውም። ክሩ ግን በማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ፣ ቢዘገይ በሰከንዶች ይጨርሳል። ሳይረስ ሌቪንታል ይህን እንቆቅልሽ ያነሳው በ1969 ነው።

መልሱ ባጭሩ፦ ክሩ በጭፍን አይፈልግም፣ ይሳባል። ውሃ የማይወዱት አሚኖ አሲዶች ከውሃው ሸሽተው ወደ መሃል ይሸጎጣሉ። ትንንሽ የሃይድሮጅን ትስስሮች እዚህም እዚያም ይይዛሉ። አንዱ ትስስር ለብቻው ደካማ ነው፣ ወዲያው ይበጠሳል። ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? እንደዚያ ነው።

ሲሙሌሽኑስ፣ በኮምፒውተር ማስመሰሉስ? እሱ እንዲያውም ቀላል ነው። ሐሳቡ ማለቴ ነው። አቶሞቹን ከነውሃቸው አንድ የኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ትከቷቸዋላችሁ። በእያንዳንዱ ላይ ያለውን ኃይል ታሰላላችሁ። ሁለት ፌምቶሰከንድ ያህል ታንቀሳቅሷቸዋላችሁ። እንደገና ታሰላላችሁ። እንደገና። እንደገና። ፌምቶሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ፣ የደረሰው ደግሞ ለቢሊዮን ሲከፈል ነው። በ1977 ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፕሮቲን በእንዲህ ያለ ስሌት፣ ያኔ ውሃ ሳይከበው፣ ሲንቀሳቀስ ታየ። ከከብት ቆሽት የሚገኝ፣ 58 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። የታየው 9.2 ፒኮሰከንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ፒኮሰከንድ ሺህ ፌምቶሰከንድ ነው። በ2010 ያንኑ ፕሮቲን አንቶን የሚባል፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር አንድ ሙሉ ሚሊሰከንድ አሳየን። መቶ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ማለት ነው። በ33 ዓመት!

ሁልጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «አልፋፎልድ ይህን ጨርሶት የለ? በ2024 ኖቤል ተሸልመውበት የለ?» ይለኛል። አልፋፎልድ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ተነስቶ የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ልክ ነው፣ ትልቅ ሥራ ነው። ግን አልፋፎልድ የሚነግረን መድረሻውን ነው። ክሩ እዚያ እንዴት እንደደረሰ አያሳየንም። እኔን ደግሞ የሚያጓጓኝ መንገዱ ነው። ሠርጉ ሳይሆን መጠናናቱ በሉት።

ሁለተኛው ነጥብ። ከእኔ በፊት ማን ሳለው?

በጣም የምወዳት ታሪክ አለች። በ1948 ኬሚስቱ ላይነስ ፖሊንግ ኦክስፎርድ እያለ ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። የወንጀል ልብ ወለድ ሲያነብ ከርሞ ሰለቸው። ወረቀት አምጡልኝ አለና የፕሮቲን ክር ሳለበት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈው። ደግሞ አጠፈው። ክሩ ተጠማዝዞ ራሱን በሃይድሮጅን ትስስር የሚይዝበትን መንገድ አገኘ። አልፋ ሄሊክስ የምንለው እሱ ነው፤ በ1951 ታተመ። አስቡት! ከባዮሎጂ ትልልቅ ግኝቶች አንዱ የተገኘው በታመመ ሰው፣ በእርሳስና በታጠፈ ወረቀት ነው። ሥዕልና ሳይንስ ይገናኛሉ ወይ ለሚሉኝ ሰዎች የምመልሰው ይህን ነው።

ከዚያ በ1958 ጆን ኬንድሩ የመጀመሪያውን የፕሮቲን ቅርጽ፣ ማዮግሎቢንን፣ አገኘ። ሞዴሉን ልጆች እያድቦለቦሉ ከሚጫወቱበት ጭቃ መሰል ነገር፣ ከፕላስቲሲን፣ ሠራው። ስታዩት አንጀት ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ የሚያምር፣ የተመጣጠነ ነገር ሲጠብቅ አንጀት መጣ! ከሦስት ዓመት በኋላ ኧርቪንግ ጋይስ የሚባል ሠዓሊ ያንኑ ማዮግሎቢን በውሃ ቀለም፣ አቶም በአቶም ሳለው። ኮምፒውተር አልረዳውም። በ1981 ደግሞ ጄን ሪቻርድሰን መጣች። አቶሞቹን ትታ ክሩን እንደ ሪባን ሳለችው። የተጠመዘዘው ሪባን ሄሊክሱ ነው፤ ጠፍጣፋው ቀስት ደግሞ ክሩ ተዘርግቶ ጎን ለጎን የሚደረደርበት፣ ቤታ ሺቱ ነው። በእጇ ነው የሳለችው። ዛሬ ሶፍትዌሩ ሁሉ የሚያወጣው ሪባን የእሷን እጅ ተከትሎ የመጣ ነው። ተማሪዎች ግን ፕሮቲን በተፈጥሮው ሪባን ይመስላቸዋል። የለም፣ የጄን ሪቻርድሰን ሐሳብ ነው!

ዴቪድ ጉድሴልን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ሴል ውስጥ ያለውን ግፊያ በውሃ ቀለም ይስለዋል። ገበያ ነው፣ ክፍት ቦታ የለም። ጁልያን ፎስ-አንድሬ ደግሞ ከብረት ይቀርጻል፤ ፖርትላንድ ውስጥ ፖሊንግ ልጅ ሆኖ ከኖረበት ቤት ፊት ለፊት ቀይ አልፋ ሄሊክስ አቁሟል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሁሉ የሳሉት የቆመውን ነው። ታጥፎ የጨረሰውን። እኔ የያዘኝ ጣጣ ሌላ ነው፦ ገና እየታጠፈ ያለውን፣ አንድ አፍታ የማይቆመውን፣ እንዴት አድርጌ ልሳለው?

ሦስተኛው ነጥብ እንግዲህ ይኸው ነው። ውሃ ያለው ይጠጣ።

የጀመርኩት በትንሽ ፕሮቲን ነው። ትሪፕ-ኬጅ ትባላለች። ሃያ አሚኖ አሲድ ብቻ ናት፤ ሳይንቲስቶች ራሳቸው የነደፏት ናት። በአራት ማይክሮሰከንድ ገደማ ትታጠፋለች። ሲሙሌሽኑ አለቀ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ስክሪኑ ላይ ምን አየሁ? ቀይና ነጭ ነጠብጣብ። ሌላ ምንም! ልቤ ወደቀ። ፋይሉ የተበላሸ መሰለኝ። ለካ ውሃው ነው። ፕሮቲኗ ሦስት መቶ ገደማ አቶም አላት። ዙሪያዋን የከበባት ውሃ ግን ብዙ ሺህ ነው።

ምን አደረግሁ? ሁሉም የሚያደርገውን። ውሃውን አጠፋሁት። አንድ ትእዛዝ ነው፣ አንድ መስመር። ፕሮቲኗ ጥቁር ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ተንሳፍፋ ታየች። እንዴት እንደምታምር! ወዲያው አትሜ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

በኋላ ነው የቆጨኝ። ቅድም ምን አልኳችሁ? የሚያጥፋት ማን ነው? ውሃው ነው! ውሃውን የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ናቸው ወደ መሃል የሚገቡት። እኔ ግን ዋናውን ተዋናይ ከመድረክ አስወጥቼ ጨዋታውን አሳየሁ። ሰው ሥዕሉን ሲያይ ምን ያስባል? ፕሮቲን ባዶ ሰማይ ላይ በራሷ ፈቃድ የምትታጠፍ ይመስለዋል። ያ ሥዕል አሁንም ቤቴ አለ። አላወረድኩትም። ግን ከሥሩ «ውሃው ተወግዷል» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ሥዕል ሁሉ ሥር ምን እንደጣልኩ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ዝርዝር ከሥዕሉ ይረዝማል።

ሁለተኛው ጥፋቴ መንቀጥቀጡ ነው። አንድ ቀን እናቴ ከጀርባዬ ቆማ ስክሪኑን ታያለች። ፕሮቲኗ እንደ ልማዷ ትርገፈገፋለች። እናቴ ዝም ብላ አየችና፣

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጠው? በርዷት ነው?» አለችኝ።

«ብርድ አይደለም እማዬ፣ ሙቀት ነው» አልኳት።

«ሲሞቅ ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

አዎ፣ ሲሞቅ ይንቀጠቀጣል። ሙቀት ማለት ራሱ መንቀጥቀጡ ነው። ሲሙሌሽኑ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነበር፤ ደስ የሚል የአየር ጠባይ ነው። አቶሞቹ ግን በዚያ ሙቀት አንድ አፍታ አይቀመጡም። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ሻይ በያዘች ቁጥር «ይኼ እንግዲህ እየተንቀጠቀጠ ነው» ትላለች።

ተመልካች ግን መንቀጥቀጥ አይወድም። «ዓይኔን አመመኝ» ይሉኛል። እሺ ብዬ አለሰለስኩት። አሥር አሥር ፍሬም፣ ማለትም የፊልሙን ነጠላ ሥዕሎች፣ ወስጄ የአቶሞቹን ቦታ አማካይ አወጣሁ። ፊልሙ እንደ ሐር ፈሰሰ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔም ኮራሁ። አንድ ማታ ቀረብ ብዬ ታይሮሲን የምትባለውን አሚኖ አሲድ የአቶም ቀለበት ሳያት ግን፣ ቀለበቷ የለችም! ስድስቱ የካርቦን አቶሞች ተጨፍልቀው አንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል።

ምን ሆና መሰላችሁ? ቀለበቷ ትገለበጣለች። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። የሁለቱ አማካይ መሃል ላይ ነው። አንድ ሰው ግማሹን ሌሊት በግራ ጎኑ፣ ግማሹን በቀኝ ጎኑ ተኛ እንበል። አማካዩን ብታወጡት በጀርባው ተኝቶ አደረ። ሰውዬው ግን አንዴም በጀርባው አልተኛም! የእኔ ለስላሳ ፊልም በአንዲት ሰከንድ እንኳ ያልነበረ ነገር ነው ያሳየው። አሁን ማለስለሱን ትቼዋለሁ። ዓይናችሁን ካመማችሁ ይቅርታ፣ እውነቱ ያ ነው።

ስለ ቀለም ደግሞ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሄሊክሱን ቀይ፣ ቀሪውን አረንጓዴ ቀብቼ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ጠራሁት። «ቆንጆ ነው፣ ግን ለምን ሁሉንም አንድ ቀለም አደረግከው?» አለኝ። ቀይና አረንጓዴ መለየት አይችልም። ለአምስት ዓመት አብረን ስንሠራ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አሁን ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው የምቀባው።

አሁን ወደ ከባዱ። ጊዜ።

እስቲ አብረን እናስላ። አንዱ እርምጃ ሁለት ፌምቶሰከንድ ነው። በአንድ ማይክሮሰከንድ ውስጥ 500 ሚሊዮን እርምጃ አለ። እያንዳንዱን እርምጃ አንድ ፍሬም አድርጌ በሰከንድ 25 ፍሬም ባሳያችሁ፣ ፊልሙ ስንት ጊዜ ይፈጃል? 231 ቀን! ለአንድ ማይክሮሰከንድ። ወንበሩም አይችላችሁም።

ስለዚህ እንዘላለን። እኔ 10 ማይክሮሰከንድ ሠርቼ በየ200 ፒኮሰከንዱ አንድ ፍሬም አስቀመጥኩ። 50,000 ፍሬም ሆነ፤ 33 ደቂቃ ገደማ። በመካከላቸው የሆነውን አላየሁትም። ደግሞ በ33 ደቂቃው ውስጥ ዋናው ነገር፣ መታጠፉ፣ ስንት ጊዜ የሚወስድ ይመስላችኋል? በጣም ጥቂት። የቀረው ጥበቃ ነው። ክሩ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል፣ ይሳሳታል፣ ይፈታል። ታጠፈ ስትሉ ይፈታል። ከዚያ ድንገት፣ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ፣ ታጥፎ ይገኛል።

የፊልም ሰው ምን ይለኛል? «ጥበቃውን ቁረጠው!» ልክ ነው፣ ይሰለቻል። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ 33ቱንም ደቂቃ አሳየሁ። አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ደቂቃ ሄደ። አንድ ልጅ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጨረሰው። ሲያልቅ «ብዙ ጊዜ ተሳሳተ አይደል?» አለኝ። አሥር ገጽ ጽፌ ልገልጸው ያቃተኝን ነገር ነው የነገረኝ።

ጥበቃውን ሳልቆርጥ ሰውን የማላባርርበት ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ያገኘሁት ሽመናን ነው። አስቡት፦ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ አንድ አግድም መስመር አደርገዋለሁ። ሃያ መስመር። ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሚኖ አሲዱ ሄሊክስ ውስጥ ባለበት ሰዓት ብርቱካናማ፣ ልቅ በሆነበት ሰዓት ሰማያዊ ይሆናል። ስታዩት ጨርቅ ነው! አሚኖ አሲዶቹ ድሩ ናቸው፣ ጊዜው ማጉ ነው። በግራ በኩል የተዘበራረቀ ቁርጥራጭ ታያላችሁ። ወደ ቀኝ ስትሄዱ አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ጥለት ይወጣል። 33 ደቂቃው በአንድ እይታ! እዚያ በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ያለው ረጅሙ ኅትመት እሱ ነው። ስትወጡ እዩት፤ መንካትም ይቻላል።

አንድ ቀሪ አለኝ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ሰው የሚወደው ስህተቱን ነው።

ሲሙሌሽኑ የሚሠራበት ሣጥን ግድግዳ የለውም። በቀኝ የወጣ አቶም በግራ ይገባል። ብልሃት ነው፤ ትንሹ ሣጥን ማለቂያ እንደሌለው ውሃ እንዲሆን። ፕሮቲኗ በጠርዙ በኩል ስታልፍ ግን ግማሿ በቀኝ፣ ግማሿ በግራ ትገኛለች። ሥዕል የሚያወጣው ሶፍትዌር ይህን አያውቅም። የተያያዙትን አቶሞች ላገናኝ ብሎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መስመር ይሰነዝራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ፕሮቲኗ የፈነዳች መስሎኝ ጮህኩ። አንድ ታላቅ ባልደረባዬ መጥተው አዩና «ልጄ፣ አልፈነዳችም፣ ድንበር ተሻግራ ነው» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

በሌላ ትእዛዝ ይስተካከላል። ግን ከማስተካከሌ በፊት ያን ፍሬም አስቀመጥኩት። ለሁለት የተከፈለች ፕሮቲን፣ በመካከሏ እንደ ክራር ክር የተወጠሩ መስመሮች። ሰው ሁሉ እሱ ፊት ይቆማል። «ምንን ያመለክታል?» ብለው ይጠይቁኛል። «መለያየትን?» ይላሉ። እኔ «የሶፍትዌር ስህተት ነው» እላለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ምን ላድርግ? ከሥሩም ጽፌዋለሁ።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። አሁን አሳያችኋለሁ። ከ33ቱ ደቂቃ ስድስቱን ነው ያመጣሁት። ምን እንደጣልኩ ልንገራችሁ፦ ሃያ ሰባቱን ደቂቃ ቆርጫለሁ። ውሃውን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም። ፕሮቲኗን የሚነካውን ብቻ፣ በነጭ፣ ስስ አድርጌ አስቀርቼዋለሁ። አላለሰለስኩም፤ ትንቀጠቀጣለች። ብርቱካናማ የሆነችው አንዷ አሚኖ አሲድ ትሪፕቶፋን ናት፤ የፕሮቲኗ ስም ከእሷ የመጣ ነው። እሷን ተከተሉ። ሁለት ጊዜ ልትሸጎጥ ትሞክርና ትወጣለች። በሦስተኛው ዙሪያዋን የነበሩት ነጫጭ ውሃዎች አንድ በአንድ ሲለቁ ታያላችሁ። የመጨረሻዋ ውሃ ትዘገያለች፣ ጠብቋት።

መብራቱን አጥፉልኝ እባካችሁ።